የዳጉሳ ጠላ ሳይኮመጥጥ እንዲቆይ

ጠላ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው በእህሉ ሳይሆን በእንስራው ነው። ባለ 30 ሊትሩን እንስራ ውሃው ጠርቶ እስኪወጣ በግራዋ ቅጠል ደጋግመው ይጠቡት፤ ከዚያ ደፍተው በወይራ ያጥኑት። ያለፈው አተላ ከቀረበት አዲሱ ጠላ ይሆመጥጣል።

ግማሽ ኪሎ የተወቀጠ የጌሾ ቅጠል በ5 ሊትር ውሃ ጠንስሰው 3 ቀን ያቆዩ። 1 ኪሎ የገብስ ብቅል ዱቄትና ከ1 ኪሎ ዱቄት የተጋገረ ኪታ ቆራርሰው ይጨምሩ፤ 2 ቀን ይተዉት። ኪታው ጠቆር ቢል ቀለሙ ያምራል፣ ካረረ ግን ይመራል።

ዋናው እንኩሮው ነው። ጎጃም የታደለበትን ዳጉሳ፣ 4 ኪሎ ዱቄት፣ ውሃ እየረጩ ምጣድ ላይ እያገላበጡ ያንኩሩት። እጅዎን ከትተው ሙቀት እስከማይሰማዎት ድረስ ይጠብቁ። ትኩሱን ከጨመሩት እርሾው ይሞታል፤ ጥንስሱም መፍላቱን ያቆማል። ከአንድ እፍኝ የጌሾ እንጨት ጋር ደፍድፈው 5 ቀን ያቆዩት፤ እንደ ደብረ ማርቆስ ባለ ደጋ 2 ቀን ይጨምሩ።

መፍላቱ ሲበርድ 12 ሊትር ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ሞልተው አፉን በጭቃ ይምረጉት። ጭቃው ከተሰነጠቀ ወዲያው ይድፈኑት፤ አየር ከገባ ያኮመጥጠዋል። በ3ኛው ቀን አጥልለው ይቅዱ።