ከደቻቱ ወንዝ ተነሥቶ በኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ 2 የውድድር ካርታ እንዴት እንደሚሠራ

ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ 2 በተባለው የኮምፒውተር የጦርነት ጨዋታ ራንደም ማፕ የሚባለው ኮምፒውተሩ በየጨዋታው አዲስ መሬት የሚፈጥርበት የትእዛዝ ጽሑፍ ሲሆን፣ ማንኛውም ሰው በኖትፓድ ሊያዘጋጀው ይችላል። ለውድድር በሚሆን ካርታ ላይ ዋናው ጥያቄ ዕድል የት ይግባ የሚለው ነው። ሁለቱንም ተጫዋቾች እኩል የሚነካ ዕድል ጨዋታውን ያጣፍጣል፤ አንዱን ብቻ የሚነካ ዕድል ግን ተሸናፊው ካርታውን እንዲወቅስ በቂ ምክንያት ይሰጠዋል። እዚህ የሚቀርበው ድሬዳዋን ከዚራና መጋላ ብሎ የሚከፍለውን የደቻቱን ወንዝ መነሻ ያደረገ የአንድ ለአንድ ካርታ ነው።

መሬቱን መደልደል

ለሁለት ተጫዋች የሚመጥነው ካርታ በእያንዳንዱ ጎን 120 ካሬ ያለው ነው። የተጫዋቾቹን መነሻ ለኮምፒውተሩ ከመተው ይልቅ ቦታቸውን በካርታው ስፋት በመቶኛ ወስነው የአንዱን መነሻ ከዚራን 20 እና 50 ላይ፣ የሌላውን መነሻ መጋላን 80 እና 50 ላይ ያስቀምጡ። ቀጥሎም በመካከለኛው መስመር የወንዙን መሬት ከዳር እስከ ዳር ይደርድሩ።

ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ስለሆነ የበረሃ መሬት መምረጥ የሚቀና ይመስላል። እኔ ግን የክረምቱን ደቻቱ የሚመስለውን ጥልቀት የሌለው ውሃ እመርጣለሁ፤ ወታደር በእግሩ ይሻገረዋል፣ ነገር ግን ቤትም ሆነ ማማ ወይም አጥር አይሠራበትም። ስለዚህ መሀሉን ዘግቶ መቀመጥ ለማንም አይቻልም፤ አጥር የፈለገ ተጫዋች ወደ ራሱ ዳርቻ ተመልሶ ያጥራል።

የከዚራን ቀጥ ያሉ ጎዳናዎችና የመጋላን ጠመዝማዛ መንገዶች በካርታው ላይ የማሳየት ፍላጎት ማደሩ አይቀርም። በአንዱ ወገን የጎዳና፣ በሌላው ወገን የአፈር ገጽታ ማንጠፍ ጉዳት የለውም፣ ሁለቱም ላይ ይኬዳልና፣ ይገነባልና። የመጋላን ጥግግት በደን ለማስመሰል ከተሞከረ ግን፣ ደን ያለው ወገን በጥቂት አጥር ከተማውን ይዘጋል፣ ሜዳ ላይ የቀረው ደግሞ ከመጀመሪያው ጥቃት ጀምሮ ይጋለጣል። ደኑ በሁለቱም በኩል ተመጣጣኝ ይሁን።

ሀብቱን ማደል

ተጫዋቾች የለመዱት አደላደል ለእያንዳንዱ ሰው 7 ክምር ዋና ወርቅ፣ ሁለት ቦታ 4 ክምር ተጨማሪ ወርቅ፣ 5 እና 4 ክምር ድንጋይ፣ 8 በግና 2 ከርከሮ መስጠት ነው። አንድ የወርቅ ክምር 800 ስለሚይዝ ዋናው ወርቅ ብቻ 5600 ይሆናል።

እኩል ቁጥር መስጠት ቀላሉ ሥራ ነው፤ ካርታ የሚበላሸው በርቀት ነው። ለእያንዳንዱ ሀብት ከመነሻው የሚኖረው ትንሹና ትልቁ ርቀት በካሬ ይጻፋል። ለዋናው ወርቅ 8 እና 30 ተብሎ ከተጻፈ፣ አንዱ ተጫዋች ወርቁን ደጃፉ ላይ ሲያገኝ የሌላው ወርቅ ወንዙ ዳር ሊወድቅ ይችላል። 8 እና 9 ከተባለ ግን የሚለያየው አቅጣጫው ብቻ ነው፤ ይህን ያህሉን ልዩነት ጎበዝ ተጫዋች በአጥርና በማማ ያስተካክለዋል። ትእዛዞቹ በተጻፉበት ቅደም ተከተል ስለሚፈጸሙ የከተማ ማዕከሉንና ወርቁን አስቀድሙ፣ ነጠላ ዛፎችን ወደ መጨረሻ ግፉ፤ ቦታ ያጣውን ነገር ኮምፒውተሩ ምንም ሳይናገር ይዘለዋል።

ዕድሉ የሚገባው በጋራው ወርቅ፣ ማለትም ለማንም ባልተመደበውና ሁለቱም በሚሻሙበት ወርቅ ላይ ነው። በመቶኛ 50 ዕድል በወንዙ ወገብ በሁለቱም ዳርቻ፣ 50 ዕድል ደግሞ በወንዙ ሁለት ጫፎች ይውደቅ። ድምሩ ከ100 ካነሰ አንዳንዱ ጨዋታ ያለ ጋራ ወርቅ ይጀመራል።

መፈተሽ

ካርታውን በጨዋታው ውስጥ ባለው በሴናሪዮ ማዘጋጃው ደጋግመው እየፈጠሩ ከላይ ይመልከቱት፤ ወርቁንና ከርከሮውን በሁለቱም ወገን ይቁጠሩ። ከዚያ ያንኑ መሬት ደግሞ ለመፍጠር የሚያስችለውን ሲድ የሚባል ቁጥር ይዘው ያንኑ መሬት ወገን እየተቀያየሩ ሁለት ጊዜ ይጫወቱበት። እኩል ችሎታ ያላቸው ሰዎች በተደጋጋሚ በአንዱ ወገን ብቻ የሚያሸንፉ ከሆነ ርቀቶቹን እንደገና ይመርምሩ።

መጫወት

በመነሻው 200 ምግብ አራት መንደርተኞችን (ሠራተኞችን) ወዲያው ይዘዙ። የከተማ ማዕከሉ የሚያኖረው 5 ሰው ብቻ ስለሆነ፣ ጨዋታው ሲጀመር ያሉት ሦስቱ መንደርተኞችና ቃፊሩ ከወዲሁ አራቱን ቦታ ይዘዋልና ሁለት ቤት ሳይዘገይ ይሠራ። ቃፊሩ መጀመሪያ የራሱን ከተማ ዞሮ በጎቹንና ከርከሮዎቹን ያግኝ፣ ቀጥሎ በወንዙ ርዝመት ይሂድ።

በጨዋታው ካሉት ሕዝቦች ኢትዮጵያውያንን የመረጠ ሰው ቀስተኞቹ 18 በመቶ ፈጥነው ስለሚተኩሱ፣ ዳርቻው ላይ ቆሞ ውሃውን የሚሻገረውን ጠላት መውጋት ያዋጣዋል፤ ወደ ቀጣዩ ዘመን ሲሸጋገር የሚያገኘው 100 ምግብና 100 ወርቅም ቀስተኞቹን ቶሎ ለማውጣት ይረዳዋል። ቃፊሩ የጋራውን ወርቅ በወገቡ ላይ ካገኘው ዳርቻው ላይ ማማ ይተከል፤ በጫፎቹ ላይ ካገኘው ግን ሁለቱንም ለመጠበቅ ሠራዊት ከመክፈል ይልቅ አንዱን ጫፍ አጥብቆ መያዝና የቀረውን በፈረሰኛ ማወክ ይሻላል።