የኮስፕሌይ ጥሩር፦ ከመግዛት በፊት ምን ይታያል፣ እንዴትስ ይገጣጠማል?

ኮስፕሌይ ማለት የሚወዱትን የአኒሜ (የጃፓን ካርቱን)፣ የጌም ወይም የፊልም ገጸ ባሕርይ ለብሶ መታየት ነው። ጥሩር (የደረት መከላከያ)፣ ራስ ቁርና ገምባሌ (የባት መሸፈኛ) ያለው ልብስ ሲሆን ደግሞ ገንዘብ የሚባክነው አብዛኛውን ጊዜ በግዢው ቀን ነው፤ ሰው በፎቶ አይቶ ይመርጣልና።

መጀመሪያ ልክዎን ይውሰዱ። ከሥር የሚለብሱትን ሹራብ እንደለበሱ የደረት፣ የክንድ፣ የባትና የራስ ዙሪያዎን ይለኩ። በደረቱ ላይ ከ4 እስከ 6 ሳ.ሜ. ይጨምሩ። ከአንገት ሥር እስከ ወገብ ያለውን ርዝመት ግን ተቀምጠው ይለኩት። ቆመው ከለኩት፣ ሲቀመጡ ጭንዎ ጥሩሩን ወደ ላይ ይገፋውና ጠርዙ ጉሮሮዎን ይወጋዎታል።

ከዚያ ከምን እንደተሠራ ይጠይቁ። ጠንካራ ፕላስቲክ ያምራል፣ ግን ልኩ አይስተካከልም፤ ሲወድቅም ይሰነጠቃል። በሦስት ዲ ማተሚያ የሚወጣው ፒኤልኤ የሚባል ፕላስቲክ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ላይ ይለሰልሳል፤ ኮምቦልቻ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ ቢረሱት ተጣሞ ያገኙታል። ለጀማሪ የምንመክረው ኢቫ ፎም ነው፤ የልጆች መጫወቻ ምንጣፍ የሚሠራበት፣ ቀላልና ተጣጣፊ ነገር። ለደረትና ለትከሻ 10 ሚ.ሜ.፣ ለክንድና ለገምባሌ 5 ሚ.ሜ.፣ ለጌጥ 2 ሚ.ሜ. ይያዙ። 60 በ60 ሳ.ሜ. የሆነው ባለ 10 ሚ.ሜ. ምንጣፍ ከ4 እስከ 5 ቢኖር ለአንድ ሰው ይበቃል። በጣት ሲጫኑት ወዲያው የማይመለስ ከሆነ አይግዙት፤ ቅርጽ አይይዝም።

የሚገዙት ኪት (ራስዎ የሚገጣጥሙት ጥቅል) የወረቀት ንድፍ ብቻ ከሆነ ፎቶ ኮፒ ቤት ሲያሳትሙ በ100 ፐርሰንት እንዲወጣ ይንገሩ። ማሽኑ ከወረቀቱ ጋር እንዲመጣጠን ብሎ ካሳነሰው ጥሩሩ ለሕፃን ይሆናል። ንድፉ ላይ ያለችውን የመለኪያ ካሬ በማስመሪያ ያረጋግጡ፤ ከዚያም ፎሙን ከመንካትዎ በፊት በካርቶን ቆርጠው ይልበሱት።

መቁረጥና ማጣበቅ። የካተሩ ምላጭ አዲስ ይሁን፤ የደነዘ ምላጭ ፎሙን ይቦጭቀዋል፣ የተቦጨቀ ጠርዝ ደግሞ አይገጥምም። ለማጣበቂያ ጫማ ሰፊዎች የሚጠቀሙበት ማስቲሽ ተመራጭ ነው። በሁለቱም ጠርዝ ስስ አድርገው ይቀቡና ሲነኩት ጣት ላይ እስከማይጣበቅ ድረስ ይጠብቁ። ቆላማ ቦታ 5 ደቂቃ ሊበቃው ይችላል፤ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው ደሴ በብርድ ቀን እጥፉን ሊፈጅ ይችላል። ሳይደርቅ የተጫነ ማስቲሽ በማግስቱ ይላቀቃል። አንዴ ከተነካካ አይመለስምና ከመሃል ጀምረው ወደ ዳር ይግጠሙት። የማስቲሹ ትነት ያዞራል፣ በቀላሉም ይቀጣጠላል፤ መስኮት ይክፈቱ፣ ቡና የሚፈላበት ከሰል አጠገብ ፈጽሞ አይሥሩ።

ለማጉበጥ ሂት ጋን የሚባለው ሙቅ አየር የሚተፋ መሣሪያ ያስፈልጋል፤ የፀጉር ፎን ሙቀቱ አይደርስም። የፎሙ ገጽ ማብረቅረቅ ሲጀምር ያንሡና ጉልበትዎ ላይ ጎበጥ አድርገው እስኪቀዘቅዝ ይያዙት። የሰገሌ ጦርነት ዘመን (1909 ዓ.ም.) የወሎ ጦረኛን ለመምሰል ጋሻ የሚሠራ ደግሞ በሌላ ዘዴ ያጎብጠዋል፦ ከክቡ ላይ እንደ እንጀራ ቁራሽ ሹል ክፋይ ቆርጠው ያወጡና ጠርዙን ሲያገጣጥሙት መሃሉ ራሱ ይነሣል።

ቀለም። ያልተሸፈነ ፎም ቀለም ይጠጣል። ስለዚህ በውኃ የቀጠነ ቪናቪል (ነጭ የእንጨት ማጣበቂያ) ከ3 እስከ 4 ጊዜ ይቀቡ፤ እያንዳንዱ ሳይደርቅ ሌላ አይደርቡ። የስፕሬይ ቀለሙን ከጦሳ ተራራ ጭጋግ በወረደበት ጠዋት አይርጩ፤ እርጥበቱ ቀለሙን እንደ ወተት ያነጣዋል። ረፋዱ ላይ፣ ፀሐይ ሲወጣ ነው ጊዜው።

ማሰሪያ። ክብደቱ በትከሻ ላይ ይረፍ እንጂ አንገት ላይ አይንጠልጠል። በጎን በኩል ዘለበት ያለው ጠፍር፣ ክንድና ባት ላይ ላስቲክ ያድርጉ። ማሰሪያውን ፎሙ ላይ ብቻ ካጣበቁት ይገነጠላል፤ ከውስጥ ጨርቅ ደርበው ያጣብቁና ማሰሪያውን በዚያ ላይ ይስፉት። በመጨረሻ ለብሰው ደረጃ ይውጡ፣ ይቀመጡ፣ እጅዎን ወደ ላይ ያንሡ። ሰውነትዎን የሚፍቅ ቦታ ካለ ከዝግጅቱ ሁለት ቀን በፊት በምላጭ ያሳንሱት።