የቀበሌን የጸጥታ ቅድሚያ ከገጠር ነዋሪ ጋር እንዴት መወሰን ይቻላል?

በሰሜን ሸዋ የገጠር ቀበሌ የተመደበ ፖሊስ ብዙ ጊዜ ብቻውን ወይም ከአንድ ባልደረባው ጋር ሆኖ ተረተሩና ሸለቆው ረጅም መንገድ በእግር የሚያስኬድ አገር ይጠብቃል። ሁሉን ችግር በእኩል መከታተል ስለማይችል የግድ አንዱን ከሌላው ያስቀድማል። የሚቀድመውን ማን ይመርጣል የሚለው ግን በቅጡ ሳይታሰብበት ይታለፋል። ዕቅዱ ከወረዳ ተጽፎ ወርዶ ቀበሌው እጅ አውጥቶ ስላጸደቀው ብቻ ነዋሪው መረጠ አይባልም። የመንዝ ባለ በግ፣ ሰንጋ የሚያደልበው የጅሩ ገበሬና በቀወት ቆላ በመስኖ የሚያለማው ሰው የሚፈሩት ነገር የተለያየ ስለሆነ፣ የአንዱ ወረዳ ዝርዝር ለሌላው አይሆንም።

ለሸዋ ገበሬ ወንጀልን በጋራ ማውጣጣት አዲስ ነገር አይደለም። ቀድሞ በአፈርሳታ ወይም በአውጫጭኝ የአጥቢያው ሰው ሁሉ አንድ ሜዳ ላይ ተጠርቶ ሌባው እስኪታወቅ ይቀመጥ፣ የቀረ ይቀጣ፣ ወንጀለኛው ካልተገኘም ካሳውን አገሬው በጋራ ይከፍል ነበር። ሥርዓቱ በሌሊት ማን እንደወጣና ማን እንደገባ ጎረቤት እንደሚያውቅ ተረድቷል፤ ይህ ጥበብ ነው። ጉድለቱ ንጹሑን ከሥራው አስቀርቶ በፍርሃት ማናገሩ ነው። ስለዚህ የጸጥታ ቅድሚያ ለመምረጥ ወደሚደረገው ምክክር የመጣው ሰው ስም ሊመዘገብ፣ የቀረውም ለምን ቀረህ ሊባል አይገባም። በተለይ ጸጥታ በታወከበት ጊዜ ከፖሊስ ጋር ሲነጋገር ታየ መባሉ ብቻ ሰውን ለጥቃት ሊዳርገው ስለሚችል፣ ይህን ጥንቃቄ እንደ ትንሽ ነገር የሚያይ ፖሊስ ምክክሩን ባይጀምረው ይሻላል።

የምክክሩ ቀን ገበሬው የማያርስበት በዓል ቢሆን ይመረጣል፤ በወሩ በ12፣ በ21 ወይም በ27 ከቅዳሴ በኋላ ሰው በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ስለሚገኝ ለብቻው መጥራት አያስፈልግም። በቆላው ሙስሊሞችና ክርስቲያኖች አብረው በሚኖሩባቸው ቀበሌዎች ከዓርብ ስግደት በኋላ ሌላ ቀጠሮ መያዝ ተገቢ ነው። የገበያ ቀንና የአጨዳ ወቅት ግን አይሆኑም።

ሥራው የሚጸናው ወይም የሚፈርሰው ከጠቅላላው ስብሰባ በፊት በሚደረገው ማዳመጥ ላይ ነው። በስብሰባ ላይ የሚናገሩት አብዛኛውን ጊዜ ሽማግሌዎችና የቀበሌ ሹማምንት ናቸው፤ የሚያነሡትም የድንበር መግፋትና የከብት ስርቆት ነው። ሁለቱም እውነተኛ ችግሮች ናቸው። ሴቶች ግን ለብቻቸው፣ በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ አማካይነት ሲጠየቁ፣ ውኃ ስትቀዳ ስለምትፈራ ልጅና አረቄ ጠጥቶ ስለሚማታው ባል ያወራሉ። እረኞችንም መዘንጋት አይገባም። የጠፋው በሬ በየትኛው በር፣ ማለትም በየትኛው የተራራ መውረጃ፣ ወደ ቆላ እንደወረደ፣ በየትኛው ዋሻ እንግዳ ሰው እንዳደረ ከማንም ቀድሞ የሚያየው እረኛ ነው፤ ሆኖም እረኛን ሰብስቦ የሚጠይቅ እምብዛም አይገኝም። ልጆችን ማነጋገር ሲያስፈልግ ወላጅ ባለበት፣ የማንንም ስም እንዲጠሩ ሳይጫኑ መሆን አለበት። እንግዲህ ፖሊሱ የዕድሩን፣ የሴቶቹን፣ የወጣቶቹንና የእረኞቹን ቃል ለየብቻ ይዞ ወደ ጠቅላላው ስብሰባ ይመጣል፤ የሚያቀርበውም ችግሩን እንጂ የተናገረውን ሰው አይደለም።

ለምርጫው ማንበብ የማይችለውንም የሚያሳትፍ ቀላል ዘዴ አለ። ለእያንዳንዱ ችግር አንድ አፉ የተሸፈነ እንስራ ከመጋረጃ ጀርባ ይቀመጥና ችግሩ በቃል ይነገራል፤ ለእያንዳንዱ ሰው ሦስት የባቄላ ፍሬ ይሰጠውና አንድ በአንድ እየገባ ይጥላል። ሴቶች፣ ወንዶችና ወጣቶች በየተራ ይጣሉ፤ ቆጠራውም ይለያይ። አንድ ላይ ከተደመረ የሠላሳ ወንዶች ፍሬ የአሥር ሴቶችን ይውጠዋል። እኔ የምመክረው ከእያንዳንዱ ወገን ቀዳሚውን ወስዶ ከሦስት ባልበለጠ ቅድሚያ መጨረስ ነው። ሁለት ወገኖች አንድ ነገር ካስቀደሙ ሥራው ቀለለ ማለት ነው።

ለድምፅ የማይቀርቡ ጉዳዮች እንዳሉ ግን ከመጀመሪያው በግልጽ ይነገር። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 587 ጠለፋን፣ በአንቀጽ 648 ያለዕድሜ ጋብቻን ይቀጣል። በ1949ኙ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ካገባ ከቅጣት የሚድንበት መንገድ ነበረ፤ አዲሱ ሕግ ይህን ዘግቶታል። ሽማግሌ ሁለቱን ቤተሰብ ማስታረቁ ደም እንዳይፋሰሱ ይጠቅማል፤ የልጅቱን ክስ ግን አያስቀርም። ነዋሪው ባቄላ አልጣለበትም ተብሎ እንዲህ ያለ አቤቱታ ለነገ ሊባል አይችልም።

ከተመረጠ በኋላ ቅድሚያው ቦታና ጊዜ ይሰጠዋል። «ስርቆት» ብሎ መጻፍ ማንንም አያሠራም። «ከፋሲካ በፊት ባሉት አራት ሳምንታት ወደ ቆላው በሚያወርደው በር ከብት በሌሊት እንዳይነዳ» ተብሎ ሲጻፍ ግን በየትኛው ሌሊት የትኛው ጎጥ እንደሚጠብቅ፣ ሚሊሻው የት እንደሚቆም፣ ፖሊሱም ከታችኛው ወረዳ ባልደረባው ጋር እንዴት እንደሚጠራራ ለመነጋገር ይቻላል። የመንዝ ሰው ጓሳ የሚባለውን የጋራ መሬቱን ሣር፣ ቄሮ በተባለው ነባር የአካባቢው የጥበቃ ሥርዓት ለዓመታት ዘግቶ፣ የሚከፈትበትን ጊዜ ራሱ እየወሰነ ለዘመናት ጠብቆታል። ተረኛውን ራሱ ነዋሪው እንዲሰይም መተው የሚሻለውም ስለዚህ ነው። ተረኛ የያዘውን ሰው ሳይመታ ለፖሊስ ማስረከብ እንዳለበትም አብሮ ይነገረው።

ከሦስት ወር በኋላ ፖሊሱ እዚያው ቦታ ተመልሶ፣ ሴቶቹንም ለብቻቸው አነጋግሮ፣ የተሠራውንና ያልተሠራውን ይናገራል። ያልተያዘ ሌባ ካለ አልተያዘም ይባል፤ መርማሪ ተጠይቆ ካልመጣ እንዳልመጣ ይነገር። ከዚያም ሰዉ ከሦስቱ የሚወጣና የሚገባ ካለ እንደገና ባቄላውን ይጥላል፤ የመኸሩ እህል አውድማ ላይ ሲሆን የሚያሳስበው ነገር በክረምት ከሚያሳስበው ይለያልና።