ጥርሱ ሙሉ ከሆነ ጠርጥሩ፦ የድሮ የፊንላንድ ቴምብር እንዴት ይለያል?

የድሮ ቴምብር ስንገዛ ጠርዙ የተጎዳውን ገፋ አድርገን ደህናውን እንመርጣለን። ፊንላንድ በሩሲያ ግዛት ሥር ሳለች፣ ከ1860 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ባወጣቻቸው ጠርዘ ጥምዝ ቴምብሮች ላይ ግን ይህ ልማድ ገንዘብ ያስበላል። እኔን አስበልቶኛል። ጥርሱ (ከጠርዙ ወጣ ወጣ ያለው ወረቀት) አንድም ያልጎደለ ባለ 8 ፔኒ (የፊንላንድ ሳንቲም) ቴምብር አየሁና ሳላቅማማ ገዛሁት። ቤት ወስጄ ስመረምረው ሦስቱ ጥርሶች የሌላ ቴምብር ሆነው ተገኙ።

ምክንያቱ አቆራረጡ ነው። የተለመደው ቴምብር ዙሪያውን ቀዳዳ ይበሳል፣ ቀዳዳው ያለበት ወረቀትም ወድቆ ይቀራል። የፊንላንዱ ግን እንደ እባብ አካሄድ በሚጠማዘዝ ስለት ነው የተቆረጠው፤ ወድቆ የሚቀር ወረቀት የለም። የአንዱ ቴምብር ጥርስ በጎረቤቱ ጥርሶች መሃል እንደተቆለፈ ይቀመጣል። ፖስታ ቤት ውስጥ ሰው ቸኩሎ ሲገነጥለው ጥርስ ይሰበራል። ስለዚህ አንድ ሁለት ጥርስ መጉደሉ የተለመደ ነው፣ ሙሉው ግን ብርቅ ነው። ብርቅ ነገር ደግሞ ይወደዳል፤ የሚወደድ ነገር አስመሳይ አያጣም።

የሚያስፈልጓችሁ 10 ጊዜ የሚያጎላ ሌንስ፣ ሚሊሜትር ያለው ማስመሪያ፣ መቆንጠጫና ጥቁር ሳህን ናቸው። የአልትራቫዮሌት መብራት ካላችሁ ደግሞ እሰየው።

መጀመሪያ ቴምብሩ ላይ የታተመውን ዋጋ አንብቡ። በ1856 የወጡት የመጀመሪያዎቹ ቴምብሮች ጥርስ የላቸውም፤ በመቀስ ነበር የሚቆረጡት። በ1860 ባለጥርሶቹ መጡ፦ ሰማያዊው 5 ኮፔክ (የሩሲያ ሳንቲም) እና ቀዩ 10 ኮፔክ። ከ1866 ጀምሮ ዋጋው በፔኒ ሆነ፤ 5፣ 8፣ 10፣ 20 እና 40 ፔኒ። በ1867 ባለ 1 ማርክ (100 ፔኒ) ተጨመረ። የፔኒዎቹ ወረቀት ራሱ ቀለም አለው፦ 8 ፔኒ በአረንጓዴ፣ 10 ፔኒ በቢጫ ወረቀት ላይ በጥቁር ነው የታተሙት። በ1875 የጥምዝ አቆራረጡ በመደበኛው ክብ ቀዳዳ ተተካ።

ቀጥሎ የጥርሱን ርዝመት ለኩ። ብዙ ጀማሪ ጥርስ ይቆጥራል። ቁጥሩ ብዙ አይነግራችሁም፤ በ2 ሴንቲሜትር ውስጥ ከ7½ እስከ 8 አካባቢ ነው። ዓይነቱን የሚለየው ርዝመቱ ነው። አንደኛው ዓይነት ከ1 እስከ 1¼ ሚሊሜትር፣ ሁለተኛው ከ1½ እስከ 1¾፣ ሦስተኛው ከ2 እስከ 2¼ ይደርሳል። አራተኛው ከ1¼ እስከ 1½ ሆኖ ጥርሱ አካፋ ይመስላል። ጫፉ የተሰበረ ጥርስ ያሳስታችኋል፤ በየጎኑ ረጅሙን መርጣችሁ ለኩ። የኮፔክ ቴምብሮች ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓይነቶች ናቸው። 2 ሚሊሜትር ጥርስ ያለው 5 ኮፔክ ቢቀርብላችሁ ቦርሳችሁን አታውጡ።

አሁን የጥርሱን ሥር እዩ። ዋናው ሥራ ይሄ ነው፣ አትቸኩሉ። ቴምብሩን በብርሃን ፊት ዘንበል አድርጋችሁ በሌንስ ተመልከቱ። በእውነተኛ ጥርስ ላይ የወረቀቱ ቃጫ ከቴምብሩ ተነስቶ ሳይቋረጥ ጥርሱ ውስጥ ይዘልቃል። የተለጠፈ ከሆነ ሥሩ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ መስመር አለ፤ አንዳንዴ ወረቀቱ እዚያ ቦታ ላይ ወፈር ይላል ወይም ያብለጨልጫል። ካልታያችሁ ቴምብሩን በፊቱ ጥቁሩ ሳህን ላይ ደፍታችሁ ለላይተር የሚሞላውን ንጹህ ቤንዚን ጠብ አድርጉበት። መጋጠሚያው ጠቆር ብሎ ይወጣል። የኔዎቹ ሦስቱ የተያዙት እንዲህ ነው። (መስኮት ክፈቱ፤ ሻማም ሲጋራም አጠገባችሁ እንዳይኖር።) በአልትራቫዮሌት ብርሃን ደግሞ ዘመናዊ ወረቀት ብዙ ጊዜ ነጣ ብሎ ያበራል፣ የ1860ዎቹ ወረቀት ግን እንዲያ አያደርግም።

ሌላው ዘዴ የተጎዳውን ጠርዝ በመቀስ እንደገና መቅረጽ ነው። አራቱን ጎን አስተያዩ። አንዱ ጎን ብቻ ጥርሱ አጭር፣ ሥዕሉም ለጠርዙ የተጠጋ ከሆነ እጅ ገብቶበታል። ጥርሱን ሙሉ በሙሉ ከርክሞ «ሳይቆረጥ የቀረ ብርቅዬ» ብሎ የሚሸጥም አለ። ጠርጥር፣ ከገንፎም ይገኛል ስንጥር።

የፖስታ ቤቱን ማኅተምም አትርሱ። በዚያ ዘመን በማኅተሙ ላይ የከተማው ስም በስዊድንኛ ይጻፍ ነበር፤ ሄልሲንኪ ሄልሲንግፎርስ፣ ቱርኩ ኦቦ ትባላለች። ዓመት ካለበት ከቴምብሩ ጋር አስታርቁት፤ የ1863 ማኅተም ያለበት የፔኒ ቴምብር ሊኖር አይችልም። በብዕር የተሰረዘን ቴምብር ቀለሙን አጥቦ «ያልተሠራበት» ብሎ መሸጥም የቆየ ሙያ ነው። የታጠበው የብዕር ጭረት በአልትራቫዮሌት ብዙ ጊዜ ይታያል።

ዋጋው ከፍ ያለ ከሆነ የባለሙያ የምስክር ወረቀት ጠይቁ። ወረቀቱ ስላለ ብቻ ግን አትመኑ፤ የአንዱን ምስክር ለሌላው የሚሰጥ ሻጭ አይጠፋም። ምስክር ወረቀቱ ላይ የቴምብሩ ፎቶ ይኖራል። ከላይ ከግራ ጥግ ጀምራችሁ ጥርሶቹን አንድ በአንድ ከፎቶው ጋር አመሳክሩ። ፎቶው ላይ አምስተኛው ጥርስ ጎድሎ እጃችሁ ላይ ያለው ሙሉ ከሆነ፣ ወይ ቴምብሩ ሌላ ነው፣ ወይ ከምርመራው በኋላ ጥርስ ተተክሎለታል።