ቡርዲዩን ከምዕራፍ ሁለት አውጥቶ መጠይቁ ውስጥ ማስገባት

በብዙ የመመረቂያ ጽሑፎች የፈረንሳዊው ሶሲዮሎጂስት የፒየር ቡርዲዩ ስም ምዕራፍ ሁለት (ንድፈ ሐሳቡ) ላይ በክብር ይነሣል፣ ምዕራፍ ሦስት (የጥናት ዘዴው) ላይ ይጠፋል፣ ግኝቱ ሲተነተን ደግሞ እንደ ማጣፈጫ ብቅ ይላል። በመካከሉ መጠይቁን ያዘጋጀውና ናሙናውን የመረጠው ከንድፈ ሐሳቡ ጋር የማይተዋወቅ አሠራር ነው። ስሙን ሰርዘው የሌላ ምሁር ስም ቢተኩበት የሚለወጥ ነገር የለም። ቡርዲዩ ራሱ ግን በመረጃ የሚሠራ ተመራማሪ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1979 ያሳተመው የፈረንሳዮች የጣዕም ጥናት በ1963 እና በ1967–68 በተሰበሰበ፣ 1,217 ሰዎችን ባካተተ መጠይቅ ላይ የቆመ ነው።

አሠራሩን ለማሳየት አንድ ርዕስ እንያዝ፦ የአዲስ አበባ ወላጆች ለልጆቻቸው ትምህርት ቤት የሚመርጡት እንዴት ነው?

መጀመሪያ ፊልዱ

ፊልድ ማለት ተሳታፊዎቹ አንድ ዋጋ ያለው ነገር ለማግኘት የሚፎካከሩበት፣ የራሱ ሕግ ያለው ቦታ ነው። ካፒታል የሚባለውም በዚያ ፊልድ ውስጥ የሚያዋጣ ሀብት ብቻ ነው። ስለዚህ ካፒታልን ለመለካት ከመነሣታችሁ በፊት ምን እንደሚያዋጣ ማወቅ አለባችሁ። ከ10 እስከ 15 የሚሆኑ ክፍት ቃለ መጠይቆችን ከወላጆች፣ ከርእሳነ መምህራንና ከአስጠኚዎች ጋር አድርጉ። የትምህርት ቤቶችን ማስታወቂያና የመመዝገቢያ ቅጽ ሰብስቡ። የሚኩራሩበትን ነገር ሁሉ መዝግቡ፦ እንግሊዝኛ፣ የውጭ ሥርዓተ ትምህርት፣ የ12ኛ ክፍል ውጤት፣ ሥነ ምግባር፣ ሰፈር።

ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። ከምዕራባውያን መጠይቅ «በዓመት ስንት ጊዜ ኦፔራ ወይም ሙዚየም ይሄዳሉ?» የሚለውን ተርጉሞ ያስገባል። የባኽን ሙዚቃ ከ«ሰማያዊው ዳንዩብ» ዋልስ ለይቶ መምረጥ በ1960ዎቹ ፈረንሳይ ሰውን ይከፋፍል የነበረው ትምህርት ቤቱም ሳሎኑም ስለሚያከብረው ነው። አዲስ አበባ ላይ ሁሉም ማለት ይቻላል «አልሄድም» ብሎ የሚመልሰው ጥያቄ ማንንም ከማንም አይለይም። ከተቻለ በ30 ሰው ሙከራ አድርጉና ከአሥር ሰው ዘጠኙ አንድ ዓይነት መልስ የሰጠበትን ጥያቄ አውጡት።

ካፒታሉን ወደ ጥያቄ መለወጥ

ካፒታሉ ኢኮኖሚያዊ፣ ባህላዊና ማኅበራዊ ተብሎ ይከፈላል። ኢኮኖሚያዊውን በወር ገቢ ብቻ አትለኩ፤ ሰው ገቢውን ያሳንሳል ወይም ዝም ይላል። የቤት ይዞታ (የቀበሌ፣ ኮንዶሚኒየም፣ የግል ግቢ፣ ኪራይ)፣ መኪና፣ ሌላ የሚከራይ ቤት፣ ከውጭ የሚላክ ገንዘብ የተሻለ ይናገራሉ።

ባህላዊው በሦስት መልክ ይገኛል፤ ለእያንዳንዱ ቢያንስ ሁለት ሁለት ጥያቄ ያስፈልጋል። በተቋም የጸደቀው ዲግሪና ዲፕሎማ ነው። በዕቃ የሚታየው ቤት ውስጥ ያለ መጽሐፍ፣ ኮምፒውተር፣ የማጥኛ ቦታ ነው። በሰውየው አካል የሠረጸው ግን በቀላሉ አይያዝም፦ ወላጅ ከልጁ ጋር በየትኛው ቋንቋ ያወራል? የቤት ሥራውን ራሱ ያሳያል ወይስ አስጠኚ ይቀጥራል? ከመምህሩ ጋር ሲነጋገር ይጠይቃል ወይስ ያዳምጣል? በቤተ ክርስቲያን ወይም በመድረሳ የተገኘ ትምህርትም መጠየቅ አለበት። በዘመናዊው ትምህርት ቤት ፊልድ ውስጥ ያዋጣል ወይስ አያዋጣም የሚለውን አስቀድማችሁ አትወስኑ፤ ትንተናው ይናገር።

ማኅበራዊው ላይ «የዕድር አባል ነዎት?» ብሎ መጠየቅ ብዙ አይጠቅምም፤ ባለጸጋውም ድሃውም አባል ነው። ቡርዲዩ የሚፈልገው መተማመንን ወይም የማኅበር ብዛትን ሳይሆን በሰው በኩል የሚገኘውን ሀብት ነው። ከ10 እስከ 15 የሥራ ዓይነቶችን ዘርዝሩ (ሐኪም፣ ጠበቃ፣ የባንክ ሥራ አስኪያጅ፣ የትምህርት ቤት ባለቤት፣ ሾፌር፣ ጥበቃ…) ከዚያም «ስልክ ደውለው ሊያናግሩት የሚችሉት እንዲህ ያለ ሰው አለ? ዘመድ ነው፣ ጓደኛ ወይስ የሚያውቁት ብቻ?» ብላችሁ ጠይቁ።

ሲምቦሊክ ካፒታልን እንደ አራተኛ ሣጥን አታስቀምጡት። ሌሎቹ ካፒታሎች ዕውቅና ሲያገኙ የሚይዙት መልክ ነው፤ የራሱ ነጥብ የለውም።

ሃቢተስ ደግሞ በአንድ የአመለካከት ጥያቄ አይለካም። ከታሪክ የተሠራ ዝንባሌ ስለሆነ መነሻውን ጠይቁ፦ የአባትና የእናት፣ ከተቻለ የአያት ሥራና ትምህርት፤ ገጠር ወይስ ከተማ ማደግ፤ መላሹ ራሱ የተማረበት ትምህርት ቤት። ዛሬ አንድ ቦታ ላይ የቆሙ ሁለት ሰዎች አንዱ ወጥቶ፣ ሌላው ወርዶ ሊሆን ይችላል።

ናሙና

ከ400 ያላነሰ ናሙና ይመረጣል፤ በኋላ 5 በመቶው ሰው በመረጠው ምድብ (ምድብ ማለት ለአንድ ጥያቄ ከተሰጡት አማራጭ መልሶች አንዱ ነው) ቢያንስ 20 ሰው ይኖራችኋል። መጠይቁን በቴሌግራም በትናችሁ የሞላውን ሁሉ አትቀበሉ። ቢቢሲ ከሶሲዮሎጂስቶች ጋር በብሪታንያ ያደረገው የመደብ ጥናት በድረ ገጽ 161,400 መልስ ሰብስቦ ነበር፤ የሞሉት ግን በብዛት የተማሩና የተሻለ ኑሮ ያላቸው ስለነበሩ በ1,026 ሰዎች ወካይ ናሙና ማገዝ ግድ ሆነ። ብዛት አድልዎን አያርምም።

ትንተና፦ ካርታውን መሥራት

ቡርዲዩ ከሪግሬሽን ይልቅ የመረጠው፣ የፈረንሳዩ የሒሳብ ሊቅ ዣን ፖል ቤንዜክሪና ተከታዮቹ ያሳደጉትን የኮረስፖንደንስ አናሊሲስ ስልት ነው። ሪግሬሽን የአንዱን ተለዋዋጭ ውጤት ከሌሎቹ ነጥሎ ያወጣል፤ ይህኛው ግን ማን ከማን አጠገብ፣ ከማንስ ተቃራኒ እንደቆመ ያሳያል። ለብዙ ጥያቄዎች የሚሆነው መልቲፕል ኮረስፖንደንስ አናሊሲስ ይባላል። አር በተባለው ነፃ ሶፍትዌር ፋክቶማይንአር የተሰኘው ጥቅል ይሠራዋል።

ጥያቄዎቹን ለሁለት ክፈሉ። ንቁዎቹ ካርታውን ይሠራሉ፤ እዚህ የካፒታል ጥያቄዎቹ ናቸው። ተጨማሪዎቹ (የተመረጠው ትምህርት ቤት፣ ጾታ፣ ዕድሜ፣ ክፍለ ከተማ) ካርታው ከተሠራ በኋላ ይነጠፉበታል። የተመረጠውን ትምህርት ቤት ንቁ ካደረጋችሁት ማስረዳት የምትፈልጉትን ነገር ለማስረጃነት ተጠቀማችሁበት ማለት ነው። የሦስቱ ካፒታሎች ጥያቄ ቁጥርም ተቀራራቢ ይሁን፤ አሥር የባህል ጥያቄና ሁለት የገንዘብ ጥያቄ ካስገባችሁ የመጀመሪያው አክሲስ (ሰዎቹን ከዳር እስከ ዳር የሚለየው የካርታው መስመር) ባህል የሚሆነው እናንተ ስላደረጋችሁት ነው።

ከ5 በመቶ በታች የሆነ ምድብ ከጎረቤቱ ጋር ይቀላቀል፤ አለበለዚያ ጥቂት ሰዎች አክሲሱን ወደ ራሳቸው ይጎትቱታል። «መልስ የለም» የሚለውም እንዲሁ ያደርጋል።

20 ጥያቄና 60 ምድብ አላችሁ እንበል። ጠቅላላው ቫሪያንስ (የመልሶቹ የመለያየት መጠን) 60 ለ20 ተካፍሎ አንድ ሲቀነስ 2 ይሆናል። የመጀመሪያው አክሲስ 0.20 ቢይዝ ሶፍትዌሩ «10 በመቶ» ይላል፤ አማካሪያችሁም ይደነግጣል። በዚህ ስልት ጥሬው መቶኛ ሁልጊዜ ዝቅተኛ ነው። ከ1/20፣ ማለትም ከ0.05 በላይ የሆኑትን አክሲሶች ብቻ ይዛችሁ ዝቅ ያለውን መቶኛ የሚያርመውን የቤንዜክሪን ማስተካከያ አስሉና ጥሬውንም የተስተካከለውንም ቁጥር አቅርቡ።

አክሲስ ስትተረጉሙ ሥዕሉን በዓይን አይታችሁ አትፍረዱ። አንድ ምድብ አክሲሱን ለመሥራት የሚያበረክተው አማካይ አስተዋጽኦ 100 ለ60፣ ወደ 1.7 በመቶ ነው፤ ከዚያ በላይ ያበረከቱትን ምድቦች ብቻ ዘርዝራችሁ በግራና በቀኝ አነጻጽሩ። ቡርዲዩ በፈረንሳይ ያገኘው የመጀመሪያው ተቃርኖ የካፒታል መጠን፣ ሁለተኛው ቅንብሩ (ገንዘብ የበዛለት ከትምህርት የበዛለት) ነበር። እዚህ ያው ካልወጣ ውጤታችሁ አልተበላሸም፤ ምን እንደወጣ ጻፉ። ነጥቦቹ እንደ ፈረስ ጫማ ከተጠማዘዙ ግን ሁለተኛው አክሲስ የመጀመሪያው ጥላ ስለሚሆን ስም አትስጡት።

ከዚያ ትምህርት ቤቶቹን ንጠፉ። ፋክቶማይንአር በአክሲሱ ላይ ለምድቦች የሚሰጠው ቦታ በስታንዳርድ ዲቪዬሽን (የነጥቦቹ መበተን መለኪያ) የሚነበብ ስለሆነ የአንዱን ከሌላው በቀጥታ ቀንሱት፦ በሁለት ምድቦች መካከል ከ0.5 በላይ ልዩነት ልብ ይባላል፣ ከ1 በላይ ትልቅ ነው።

ወደ ሰዎቹ መመለስ

ካርታው የሰዎቹን ቦታ ይነግራችኋል እንጂ እንዴት እንደሚኖሩበት አይነግራችሁም። ከአራቱ ማዕዘናትና ከመሐል ሦስት ሦስት ቤተሰብ መርጣችሁ ተመለሱ፤ 15 ቤተሰብ ይበቃል። «ለምን?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ ሰው የሚያምር ምክንያት ይሰጣችኋል። «ባለፈው ሴሚስተር ልጅዎ ዝቅተኛ ውጤት ሲያመጣ መጀመሪያ ያደረጉት ምንድን ነው? ማንን አነጋገሩ? ምን አሉ?» በሉ። አሜሪካዊቷ አኔት ላሩ ባህላዊ ካፒታልን በሥራ ላይ የያዘችው 12 ቤተሰቦችን ቤታቸው ገብታ በቅርበት በመከታተል ነበር፤ ዶክተርና መምህር ፊት ወላጅ የሚናገርበት ሁኔታ በመጠይቅ አይገኝም።

ስትጽፉ «ባህላዊ ካፒታል ውጤትን ያመጣል» አትበሉ፤ ካርታው አቀማመጥን እንጂ መንሥኤን አያሳይም። በአባሪው የንቁ ጥያቄዎቹን ዝርዝር፣ የተቀላቀሉትን ምድቦች ከነምክንያታቸውና የእያንዳንዱን ምድብ አስተዋጽኦ የያዘውን ሠንጠረዥ አስገቡ። ፈታኞች መጀመሪያ የሚጠይቁት የተቀላቀሉትን ምድቦች ነው።