የወተት ዱቄት ማድረቂያ ሞዴል ከቤተ ሙከራ ውጤት ጋር ሳይስማማ ሲቀር፦ ችግርና መፍትሄ

ችግር፦ ሞዴሉ፣ ማለትም ወተቱ በጠብታ መልክ ወደ ሙቅ አየር ተረጭቶ ዱቄት ሲሆን የሚያሰላው ስሌት፣ የዱቄቱ እርጥበት 3.5 በመቶ ይሆናል ሲል ቤተ ሙከራው 4.5 በመቶ ያገኛል።

ይህ ሲያጋጥም ብዙዎቻችን ቀድመን የምንነካው የማድረቅ ፍጥነትን የሚወስኑትን ቋሚ ቁጥሮች ነው። እንዲህ ያለው ማስተካከያ ስህተቱን ይሸፍነዋል እንጂ አያርመውም፤ የአየሩ ጠባይ ሲለወጥ ትንበያው እንደገና ይስታል። አስቀድሞ መመርመር ያለበት የውሃና የሙቀት ሚዛኑ ነው፤ ይኸውም የሚገባውና የሚወጣው እኩል መሆኑ።

የተለመደው መንስኤ የሚገባው አየር እርጥበት በሞዴሉ ውስጥ የማይለወጥ ቁጥር ሆኖ መቀመጡ ነው። በ190 ዲግሪ ሴልሺየስ ገብቶ በ85 ዲግሪ የሚወጣ አንድ ኪሎ ግራም ደረቅ አየር፣ ሙቀት የማይባክን ከሆነ፣ 42 ግራም ያህል ውሃ ያተንናል። አየሩ ሲገባ 5 ግራም ውሃ ይዞ ከነበረ፣ በባሕር ጠለል ግፊት፣ የመውጫው አንጻራዊ እርጥበት (አየሩ በዚያ ሙቀት ሊይዝ ከሚችለው የውሃ ተን የያዘው ድርሻ) 12 በመቶ ገደማ ይሆናል፤ 15 ግራም ይዞ ከገባ ግን ወደ 15 በመቶ ይጠጋል። ዱቄቱ በዙሪያው ካለው አየር ጋር ከሚመጣጠንበት እርጥበት በታች ሊደርቅ ስለማይችል፣ የመውጫው ሙቀት ሳይለወጥ እርጥበቱ ከፍ ይላል። ስለዚህ የሚገባው አየር እርጥበት በየጊዜው ተለክቶ ለሞዴሉ ይሰጥ።

ሌላው መንስኤ የተጠናከረው (ከመረጨቱ በፊት ውሃው በከፊል የወጣለት) ወተት የጠጣር ይዘት፣ ማለትም ከውሃው ውጭ ያለው ክፍል ነው። ይዘቱ ከ50 ወደ 48 በመቶ ሲወርድ፣ 4 በመቶ እርጥበት ያለው ዱቄት ለማግኘት ከ100 ኪሎ ግራም ወተት መትነን ያለበት ውሃ ከ48 ወደ 50 ኪሎ ግራም ገደማ ያድጋል። የመውጫው ሙቀት መለኪያ በዱቄት ተሸፍኖ እንደሆነም ይታይ። ሚዛኑ ሳይገጥም ወደ ሌላ እርምት መሄድ ከንቱ ድካም ነው።

ችግር፦ ሞዴሉ አስተማማኝ ነው ባለው ሁኔታ ዱቄቱ በማድረቂያው ግድግዳ ላይ ይጣበቃል።

በዱቄቱ ውስጥ ያለው ክሪስታል ያልሆነ ላክቶስ (የወተት ስኳር) ፍጹም ደረቅ ሲሆን የሚለሰልሰው በ101 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ 4 በመቶ ውሃ ሲይዝ ግን ይህ ሙቀት ወደ 50 ዲግሪ ገደማ ይወርዳል። ሞዴሉ የቅንጣቷን አማካይ እርጥበት ብቻ የሚያውቅ ከሆነ ግድግዳውን የሚነካው ገጽታዋ በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ ሊናገር አይችልም። መፍትሄው የገጽታውን ሙቀትና እርጥበት ለይቶ ማስላት፣ ከዚያም ሙቀቱ ከመለስለሻው ሙቀት በስንት ዲግሪ እንደሚበልጥ መከታተል ነው። ልዩነቱ በሰፋ መጠን መጣበቁ ይበረታል።

ችግር፦ የዱቄቱ ጥግግት ከተተነበየው ያንሳል።

ሞዴሉ ቅንጣቶቹን ድፍን አድርጎ ይወስዳቸዋል፤ በእውነታው አየር በውስጣቸው ይታፈናል። የታፈነው አየር ተለክቶ ወደ ሞዴሉ ይግባ።

ችግር፦ እርጥበቱ በትክክል ቢተነበይም ዱቄቱ በውሃ ውስጥ በደንብ አይሟሟም።

እዚህ ላይ ጥፋቱ የመጨረሻውን ቁጥር ብቻ ማየታችን ነው። ጠብታዋ እርጥብ ሳለች ትነቱ ያቀዘቅዛታል፤ ትነቱ ሲደክም ግን ገና በቂ ውሃ እንደያዘች ትሞቃለች፣ ፕሮቲኑም በብዛት የሚጎዳው በዚያን ጊዜ ነው። ትልልቅ ጠብታዎች በዚህ ደረጃ ላይ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያሉ። በመሆኑም ሞዴሉ በአንድ አማካይ መጠን ፈንታ የጠብታዎቹን የመጠን ስርጭት ይዞ የእያንዳንዱን መደብ የሙቀትና የእርጥበት ጉዞ ያስላ። ጉዳቱ ከትልልቆቹ የመጣ ከሆነ ጠብታዎቹን ማሳነስ ይረዳል፤ በሁሉም ላይ ከታየ ደግሞ የመውጫውን ሙቀት ዝቅ አድርጎ ቀሪውን እርጥበት ከማድረቂያው ቀጥሎ ባለው፣ አየር ከሥር እየነፋ ዱቄቱን በሚያንሳፍፈው ማድረቂያ ውስጥ ማስወገድ ይሻላል።