አዲስ የዓይን መነጽር ሲያሠሩና ሲለምዱ

የመነጽር ምርመራ የሚደረግለት ሰው ወንበር ላይ ተቀምጦ አብዛኛውን ጊዜ ስድስት ሜትር ያህል ርቆ የተሰቀለ ሰሌዳ ያነባል፤ ኑሮው ግን በስድስት ሜትር ርቀት ላይ አይደለም። ልብስ ሰፊዋ የምታየው የመርፌዋን ቀዳዳ ነው፤ ሾፌሩ የሚያየው በጣርማ በር ጉም ውስጥ የሚመጣውን መኪና ነው፤ የሒሳብ ሠራተኛው ደግሞ የኮምፒውተሩን ስክሪን ነው። ስለዚህ መነጽር ለማሠራት የሚነሣ ሰው ከፍሬሙ ቀለምና ከዋጋው በፊት ሊጠይቅ የሚገባው፣ ዓይኑ ውሎውን የሚያሳልፈው በምን ያህል ርቀት ላይ እንደሆነ ነው።

ይህን ያወቅሁት ከአጎቴ ነው። አጎቴ መሪጌታ ናቸው፤ ሩቁን እስከ ዛሬ ያለ መነጽር አጥርተው ያያሉ፤ ዳዊት ሲደግሙ ግን ፊደሉ ይደበላለቅባቸው ጀመረ። ተመርምረው ፕላስ 2.50 የንባብ መነጽር ታዘዘላቸው፤ በዚያው ቀን የስልካቸውን ጽሑፍ እንደ ልጅ እያነበቡ ወደ ቤት ተመለሱ። በማግስቱ ቤተ ክርስቲያን ገብተው አትሮንሱ ፊት ሲቆሙ ግን ጽሑፉ ደብዛዛ ሆነባቸው፤ እንዲጠራላቸው አንገታቸውን ወደ መጽሐፉ ማስገግ ነበረባቸው፤ «ይኸ መነጽር ቤት ይሠራል፣ መቅደስ ይለግማል» አሉኝ። ሲባጎ ይዤ ሄድኩና ከአፍንጫቸው ሥር እስከ መጽሐፉ ገጽ ለካሁ፤ 60 ሴንቲ ሜትር ሆነ። መነጽሩ ጉድለት አልነበረበትም። የንባብ ሌንስ የጠራ ርቀቱ የሚታወቀው 100 ሴንቲ ሜትርን በቁጥሩ በማካፈል ሲሆን፣ 100 ለ2.50 ሲካፈል 40 ሴንቲ ሜትር ይመጣል፤ ይህም ስልክና መጽሐፍ በእጅ የሚያዝበት ርቀት ነው። ለ60 ሴንቲ ሜትር የሚስማማው ወደ ፕላስ 1.75 የሚጠጋ ነበር። መርማሪው ይህን ሊያውቅ የሚችልበት መንገድ አልነበረም፤ አጎቴም አልነገሩትም።

እንግዲህ ከቤት ሳይወጡ አንድ ሲባጎ ወይም የልብስ ሰፊ ሜትር ይያዙና እንደ ወትሮው በሥራዎ ላይ ተቀምጠው ወይም ቆመው ከዓይንዎ እስከ ሥራው ያለውን ርቀት ሌላ ሰው ይለካልዎ። ሁለት ወይም ሦስት የተለያየ ርቀት ያለው ሥራ ካለዎ ሁሉንም ጽፈው ይያዙ። ምርመራ ክፍል ሲገቡም «የሩቅ ችግር አለብኝ» ወይም «የቅርብ ችግር አለብኝ» ብለው አይለፉት፤ አንዱ ሩቁን ማየት ስላቃተው፣ ሌላው ሩቁን ብቻ ስለሚያይ ያንኑ ቃል ይናገራልና። ማየት ያቃተዎ ምን እንደሆነ፣ በስንት ክንድ ርቀት እንደሆነና ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ በግልጽ ይናገሩ።

የደበዘዘ ዓይን ሁሉ መነጽር ፈላጊ እንዳልሆነም መታወቅ አለበት። ለመለየት የሚረዳ ቀላል ነገር አለ፤ በጠንካራ ወረቀት ላይ በመርፌ አንዲት ትንሽ ቀዳዳ ይብሱ፣ አንዱን ዓይን በእጅዎ ይክደኑና በሌላው ዓይን በቀዳዳዋ በኩል ያቃተዎትን ጽሑፍ ይመልከቱ። ጽሑፉ ከጠራ ችግሩ መነጽር የሚያርመው ዓይነት የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው፤ ካልጠራ ሞራ ወይም ሌላ የዓይን በሽታ ሊሆን ስለሚችል መነጽር ቤት ሳይሆን ሐኪም ዘንድ መሄድ ይገባል። ይህ ግን ፍንጭ እንጂ ምርመራ አይደለም። እንደ አማራ ክልል ትራኮማ በብዛት በሚገኝበት አካባቢ የዓይን ፀጉር ወደ ውስጥ ተቀልብሶ ብሌኑን እየፋቀው «ዓይኔ ደከመ» የሚሉ ሰዎች አሉ፤ እነሱን መነጽር አይረዳቸውም። ዓይኑ በድንገት የጨለመበት፣ ብልጭታ ወይም እንደ ጥላ መጋረጃ የሚታየው፣ ወይም ሕመምና መቅላት ያለው ሰው ለመነጽር ቀጠሮ መጠበቅ የለበትም፤ በዚያው ቀን መታየት አለበት። የስኳር ሕመምተኛ ደግሞ ስኳሩ ከፍ ዝቅ በሚልበት ወቅት ቢለካ የሚታዘዝለት ቁጥር ስኳሩ ሲረጋጋ ይለወጣል፤ ስለዚህ ስኳሩ እስኪረጋጋ ቢቆይ ገንዘቡን ያተርፋል።

ምርመራውን የዓይን ሐኪም ወይም ኦፕቶሜትሪስት (ዕይታ ለክቶ መነጽር የሚያዝ ባለሙያ) ቢያደርገው ይመረጣል፤ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ በዚህ ሙያ በዲግሪ ያሠለጥናል። በመርካቶም ሆነ በደብረ ብርሃን ቅዳሜ ገበያ ተደርድረው የሚሸጡትን ዝግጁ የንባብ መነጽሮች እንደ መርዝ የሚቆጥሩ አሉ፤ እኔ ከእነሱ ጋር አልስማማም። ሁለቱም ዓይኖቹ እኩል የሆኑና ሩቁን ደኅና አድርጎ የሚያይ ከአርባ ዓመት በላይ የሆነ ሰው በእነዚህ መነጽሮች ቢያነብ ዓይኑ አይጎዳም። ጉድለታቸው የሁለቱም ሌንስ ቁጥር አንድ መሆኑና አስቲግማቲዝምን፣ ማለትም የዓይን ጉብጠት በሁሉም አቅጣጫ እኩል ባለመሆኑ የሚመጣውን ብዥታ፣ አለማረማቸው ነው፤ ከዚያ በላይ ደግሞ ሰው መነጽሩን ገዝቶ ስለረካ የዓይን ግፊቱን ሳያስለካ ይቀራል፤ ከዚህ ግፊት ጋር የተያያዘው ግላኮማ የተባለ በሽታ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሳያሳምም ነው ዓይን የሚያጠፋው። መነጽር ማድረግ ዓይንን ያሰንፋል የሚለው ወሬ መሠረት የለውም።

የሚሰጥዎትን ማዘዣ ሳያነቡ ኪስ አይክተቱት። ኦዲ የቀኝ ዓይን፣ ኦኤስ የግራ ዓይን ነው። ስፌር የሚለው ዋናው ቁጥር ሲሆን፣ ማይነስ ሩቁ ለሚደበዝዝበት፣ ፕላስ ደግሞ በተለይ ቅርቡ ለሚያስቸግረው ይሰጣል፤ ቁጥሩ በ0.25 እየጨመረ ወይም እየቀነሰ ይሄዳል። ሲሊንደር የአስቲግማቲዝሙ መጠን፣ አክሲስ ከ1 እስከ 180 የሚደርስ አቅጣጫው፣ አድ ደግሞ ለቅርብ ንባብ የሚጨመረው ነው። በብዙ ማዘዣ ላይ የማይገኘው፣ እኔ ግን ሳይጻፍ አልወጣም የምለው ፒዲ ነው፤ ይህ በሁለቱ ብሌኖች መካከል ያለው ርቀት በሚሊ ሜትር ሲሆን የሌንሱ ማዕከል ከብሌኑ ፊት ለፊት እንዲውል የሚያደርገው እርሱ ነው።

ይህን ግትርነት በዋጋ ነው የተማርኩት። ከዓመታት በፊት አንድ መነጽር ቤት ማይነስ 3.25 መነጽር ሠራልኝ፤ ሰሌዳውን ጥርት አድርጌ ስላነበብሁ ደስ ብሎኝ ወጣሁ። ከሰዓት በኋላ ግን ግንባሬ ይወጠራል፣ ሲመሽ የመብራት ምሰሶው ሁለት ሊሆን ይዳዳዋል። ተመልሼ ስጠይቅ «ይለመዳል» አሉኝ፤ ስድስት ሳምንት ቆየሁ። በመጨረሻ ሌላ ባለሙያ ሌንሱን በመለኪያ መሣሪያ አይቶ ማዕከሉ ያለበትን ቦታ በእስክሪብቶ ነጥብ አደረገበት፤ መነጽሩን አድርጌ መስታወት ስመለከት ነጥቦቹ ብሌኔ ላይ ሳይሆን ወደ ጆሮዬ ገፋ ብለው ተቀምጠዋል። የእኔ ፒዲ 61፣ የመነጽሩ ግን 69 ነበር። የሌንሱ ቁጥር ምንም ስሕተት አልነበረበትም።

ፍሬም ሲመርጡ መስታወት ፊት ቆሞ ብቻ መመልከት አይበቃም። በፍሬሙ እግር፣ ማለትም ጆሮ ላይ በሚያርፈው ዘንግ፣ ውስጠኛ ገጽ ላይ ሦስት ቁጥሮች ተጽፈዋል፤ ለምሳሌ 52፣ 18 እና 140 ቢል፣ የሌንሱ ስፋት፣ አፍንጫ ላይ የሚያርፈው ድልድይ ስፋትና የእግሩ ርዝመት በሚሊ ሜትር ነው፤ የሚመችዎ አሮጌ መነጽር ካለዎ እነዚህን ቁጥሮች ማስተያየት ብዙ ድካም ያስቀራል። ሁልጊዜ ጥምጥም፣ ሻሽ ወይም የሞተር ሳይክል ሄልሜት የሚያደርግ ሰው ያንኑ አድርጎ መለካት አለበት፤ ጥምጥም እግሮቹን ወደ ውስጥ ስለሚጫናቸው በባዶ ራስ ሲለካ ልክ የነበረው ፍሬም ከጆሮ በላይ ያለውን ስፍራ ሲያሳምም ይውላል። ከዚያ ባለሱቁ ፊት ሳያፍሩ እንደ ስግደት ጎንበስ ብለው ቀና ይበሉ፤ ቁልቁል የሚንሸራተት ከሆነ ይስተካከልልዎ። ሳቅ ይበሉ፤ ጉንጭዎ ፍሬሙን ወደ ላይ ካነሣው ዝቅ ብሏል ማለት ነው። ሽፋሽፍትዎም ሌንሱን መንካት የለበትም። ማይነስ ቁጥራቸው ከፍ ያለ ሰዎች ትንንሽና ክብ ያለ ፍሬም ቢመርጡ የሌንሱ ጠርዝ ይሳሳላቸዋል፤ ፕሮግረሲቭ፣ ማለትም ከላይ ለሩቅ፣ ወደ ታች እየወረደ ለቅርብ የሚሆን ሌንስ፣ የሚያሠሩ ግን ለንባብ ክፍሉ በቂ ቁመት የሌለው ጠባብ ፍሬም እንዳይወስዱ ይጠንቀቁ። የሕፃን መነጽር ደግሞ እያደገ ይሞላዋል ተብሎ እንደ ዩኒፎርም ሰፋ ተደርጎ አይገዛም፤ ልጁ በሌንሱ ሳይሆን ከላዩ አሻግሮ ያያልና።

የሌንሱን ዓይነት የሚወስነው ሥራዎ ነው። ተራው ፕላስቲክ ለአብዛኛው ሰው ይበቃል። ባሕር ዛፍ የሚፈልጥ ወይም ድንጋይ የሚጠርብ ሰው ግን ለራሱ፣ ኳስ የሚጫወት ልጅ ያለው ደግሞ ለልጁ፣ በቀላሉ የማይሰበረውን ፖሊካርቦኔት ቢያሠራ ይሻላል። ቁጥራቸው ከፍ ያለ ሰዎች 1.67 የሚባለውን ስስ ሌንስ ሊመርጡ ይችላሉ፤ ማይነስ 1.00 ላለው ሰው ግን ልዩነቱ ለዓይን የሚታይ ስላልሆነ ተጨማሪ ገንዘብ ማውጣት አያስፈልገውም። ብሉ ከት የሚባለው ሰማያዊ ብርሃን ቀናሽ ሽፋን የስክሪን ድካምን እንደሚቀንስ በጥናት አልተረጋገጠም፤ እኔ አልገዛውም። ፀሐይ ግን በቁም ነገር መታየት አለባት። ከባሕር ወለል በላይ በየ1,000 ሜትሩ አልትራ ቫዮሌት ጨረር በግምት 10 በመቶ ስለሚጨምር፣ 2,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ያለችው ደብረ ብርሃን ብርድ ብትሆንም ለዓይን ከሸዋ ሮቢት የምትምር አይደለችም። በፀሐይ የሚጠቁረው ሌንስ በብርድ ጊዜ ይበልጥ ይጠቁራል፤ ወደ ቤት ሲገቡም ለመጥራት ይዘገያል፤ የደብረ ብርሃን ሰው ቤት ገብቶ ጨለማ ውስጥ ሰላምታ ሲሰጥ ቢቆይ ሌንሱ ተበላሽቶበት አይደለም። መኪና ውስጥ ደግሞ የፊት መስታወቱ ጨረሩን ስለሚያስቀር በደንብ አይጠቁርም፤ ለሾፌር አይበጅም።

አዲሱን መነጽር ከተረከቡ በኋላ ያሉት ቀናት ትዕግሥት ይፈልጋሉ። ጠዋት ዓይንዎ ሳይደክም ቤት ውስጥ ይጀምሩ፤ አሮጌውን ከአዲሱ ጋር እያፈራረቁ አያድርጉ፤ አእምሮ አንዱን ለመልመድ ሲጀምር ሌላው ያፈርስበታልና። ማይነስ ሌንስ ነገሮችን ያሳንሳል፣ ፕላስ ያጎላል፤ ሲሊንደር አዲስ የገባለት ሰው ወይም አክሲሱ የተለወጠበት ሰው ደግሞ ሜዳው ዳገት፣ የበሩ መቃን የተዘነበለ ሆኖ ሊታየው ይችላል። ይህ ሁሉ በጥቂት ቀናት፣ ሲበዛ በሁለት ሳምንት ውስጥ የሚጠፋ ነው። እስከዚያው መኪና አለመንዳት፣ ከደብረ ሲና ወደ ጣርማ በር በሚወስደው ጠመዝማዛ ላይም በመስኮት አሻግሮ ከማየት ዓይንን መክደን ይሻላል። ባለ ሁለት ዕይታ ወይም ፕሮግረሲቭ መነጽር ያደረገ ሰው ትልቁ ፈተናው ደረጃና አቀበት ነው፤ የሌንሱ ታችኛው ክፍል ለንባብ የተሠራ ስለሆነ ወደ እግሩ ቁልቁል ያየ እንደሆነ መሬቱ ደብዝዞና ቀርቦ ይታየዋል። የአንኮበርን ቁልቁለት የሚወርድ ሰው አገጩን ወደ ደረቱ ሰብስቦ በላይኛው የሌንስ ክፍል መንገዱን ይመልከት። በፕሮግረሲቭ ጎን ለጎን ማየትም የሚቻለው ዓይንን በማዞር ሳይሆን አፍንጫን ወደሚታየው ነገር በማዞር ነው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ የቀረ ራስ ምታት፣ ሁለት ሆኖ መታየት፣ ወይም አንዱን ዓይን ሲከድኑ ብቻ የሚጠራ ዕይታ ግን «ይለመዳል» በሚል መሸነጋገል አይገባውም። አሮጌውን መነጽር፣ አዲሱንና ማዘዣውን ይዘው ይመለሱ፤ በመጀመሪያ ሌንሱ ከማዘዣው ጋር መመሳሰሉ በመሣሪያ ይታይ፣ ቀጥሎ ማዕከሉ በነጥብ ምልክት ይደረግበት፣ ከዚያ ፍሬሙ አለመዛነፉ ይታይ፤ ዳግመኛ የዓይን ምርመራ የሚያስፈልገው ሦስቱም ትክክል ሆነው ሲገኙ ነው።

ስለ አያያዙ ብዙ የሚባል የለም። በጋቢ ጫፍ በደረቁ መጥረግ ሌንስን ይፍቃል፤ በተለይ በገብስ ውቂያ ጊዜ ብናኙ እንደ አሸዋ ነው። በንጹሕ ውኃ አለቅልቆ፣ ጥቂት ሳሙና በጣት አሽቶ፣ በንጹሕ ጥጥ ጨርቅ ማድረቅ ይበቃል። ከብርድ ገብተው ቡና በሚፈላበት ቤት ሌንሱ በጉም ሲሸፈንብዎ አይጥረጉት፤ ሲሞቅ ራሱ ይጠራል። ሸዋ ሮቢት ላይ በፀሐይ በቆመ መኪና ውስጥ የተተወ መነጽር ሽፋኑ ሊሰነጣጠቅ ይችላል።

አጎቴ አሁን ሁለት መነጽር አላቸው። ሁለቱም ጥቁር ፍሬም ስለሆኑ ይሳሳቱባቸው ነበር፤ በአትሮንሱ መነጽር እግር ላይ ቀይ ክር ጠመጠሙበት፣ የስልኩን እንዲሁ ተዉት። ሁለቱንም ቁጥር በዳዊታቸው የመጨረሻ ገጽ ላይ ጽፈውታል፤ አንዱ ቢሰበር ለባለሙያው የሚያሳዩት ያንን ነው።